የአዚዛ መድኃኒት

እኔ ማሚት አፌ አያርፍም፤ ይሄን ከሌላ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት። አል አይን፣ አል ሙዋይጂ ሰፈር፣ ማዳም ሰቢሃ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ወጥ ቤቱ የኔ፣ ቁልፉ የኔ፣ የሐበሻ ልጆች ሲያማቸው የሚደውሉትም ለኔ። ራሷን የሚፈልጣት፣ ጨጓራዋ የተነሳባት፣ ወገቧን የሚቆርጣት፣ ሁሏም «እትዬ፣ ምን ልዋጥ?» ትለኛለች። አላውቅም ማለት ደግሞ አልወድም። አልጋዬ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ክኒን አለኝ፤ ከማዳም የተረፈ፣ ከልጆቿ የተረፈ፣ ወደ አገሯ የገባች ሁሉ ትታልኝ የሄደችው። ከዚያ ቀን በፊት ማንንም ጎድቼ አላውቅም።

ምሕረትን እዚህ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። የሰፈሬ ልጅ ናት፣ ከደሴ። አቡ ዳቢ፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ ትሠራበት የነበረው ቤት ሲበተን ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ለማዳም «በኔ ይሁንብሽ፣ እንደ ልጄ ናት» አልኩና አመጣኋት። ማዳምም ወረቀቷን አስጨርስላታለሁ ብላ ነበር፤ ግን ኮሮና መጣና ቢሮው ሁሉ ሲዘጋ ኢቃማዋ እንደዚያው አለቀ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ዝምተኛ ናት፣ ያልኳትን ሁሉ ታምናለች። ምነው ትንሽ ባታምነኝ ኖሮ እላለሁ አሁን።

ያን ሰሞን የማንፈራው ነገር አልነበረም። ማዳምና ልጆቿ ትልቁ ቤት ውስጥ ተዘግተው በስልክ ያዙናል፤ እኛ ምግቡን በር ላይ አስቀምጠን እንመለሳለን። ጠዋት ጠዋት ግንባራችን ላይ ሙቀት መለኪያ ይደገናል። የፈረሱ ጠባቂ አብዱልከሪም ትኩሳት ተገኘበትና አንድ ጠዋት ይዘውት ሄዱ፤ ፍራሹን እንኳ አቃጠሉት። ከዚያ ወዲህ ፈረሷ በኔና በምሕረት ላይ ወደቀች። አዚዛ ትባላለች፤ የማዳም አባት ሲሞቱ ትተዋት የሄዱ አሮጊት ባዝራ ናት። ማዳም ከልጆቿ ቀጥላ የምትወደው እሷን ነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። አዚዛንም ምሕረትንም በአንድ ሳምንት ጥርስ አመማቸው።

ለአዚዛ ከአቡ ዳቢ የእንስሳት ሐኪም ተጠራላት። ያኔ ያለ ፈቃድ ከአቡ ዳቢ ወደ አል አይን መግባት አይቻልም፤ ለአዚዛ ግን ፈቃድ ወጣ። ለምሕረት ምን ይውጣ? የጥርስ ሐኪም ቤቶች ከባድ ነገር ካልሆነ አይቀበሉም፣ ኢቃማ የሌለው ደግሞ የትም ዝር ለማለት ይፈራል። ለማዳም ልንገርልሽ ብላት እግሬ ላይ ወደቀች። ፊቷ አብጦ ቢያዩት ኮሮና ነው ብለው እንደ አብዱልከሪም የሚወስዷት መስሏታል። ቅርንፉድ አስነከስኳት፣ በጨው ውኃ አስጉመጠመጥኳት፣ ከቆርቆሮዬ ያለውን ሁሉ ሞከርኩ። አራት ቀን ሙሉ ዐይኗ አልተከደነም።

ሐኪሙ የመጣ ሰኞ አብራው ሣሮን የምትባል ሐበሻ መጣች። አል ናህያን ካለ የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ናት፤ ጴንጤ ናት፣ ሰው አክባሪ፣ የምትሠራውን እያስረዳች የምትሠራ። አዚዛ መርፌ ስታይ ታብዳለች፤ ስለዚህ ሣሮን ጓንቷን አጠለቀችና መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጄል የመሰለ ነገር ምላሷ ሥር ጨመረችላት። አርባ ደቂቃ እንጠብቃለን አለችኝ። ይሄኔ ማዳም ደውላ ለሐኪሙ ሻይ አቅርቢ ስትለኝ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ስመለስ አዚዛ አንገቷን ደፍታ፣ የታች ከንፈሯ ተንጠልጥሎ ቆማለች። ሐኪሙ አውራ ጣት የሚያህል ጥርስ ከመንጋጋዋ ሲነቅል ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። አጃኢብ አልኩ። እኔ ሻይ ሳፈላ ሐኪሙ በደም ሥሯ የሕመም ማስታገሻ እንደሰጣት፣ መንጋጋዋንም በሌላ መርፌ እንዳደነዘዘው አላየሁም። ያ ጄል ፍርሃቷን ብቻ የሚያበርድ፣ ለመርፌው የሚያዘጋጃት ነበር። እኔ ግን ጥርሱን ያስነቀላት እሱ መሰለኝ።

ሐሙስ ለሌላው ጥርስ ይመለሳሉ። ፈቃዳቸው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ እነሱ ከመድረሳቸው አርባ ደቂቃ በፊት ጄሉን እኔ እንዳደርግላት ሣሮን አንድ ስሪንጅ ከነጓንቱ ሰጠችኝ። ያለ ጓንት እንዳልነካው፣ ዐይኔና አፌ ጋ እንዳይደርስ፣ ቆዳዬን ከነካኝ ቶሎ እንድታጠብ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። እሺ፣ እሺ አልኳት። ትናንት የተወለደች ልጅ እኔን መድኃኒት ታስተምረኝ ብዬ በሆዴ ስቄባት ነበር።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ምሕረት ክፍላችን ወለል ላይ ተቀምጣ ጉንጯን ይዛ ትወዛወዛለች። ሙቀቱ ውጭውን አግሎታል፣ ግቢው ጭር ብሏል። አላስችል አለኝ። አዚዛን የሚያክል ነገር ያስቻለ መድኃኒት፣ ለዚች ሚጢጢ ጥርስ ጫፉ ይበቃታል አልኩ። ስሪንጁን አወጣሁ። ጓንትም አጠለቅሁ። አዎ፣ ለገዛ እጄ ጓንት አጥልቄ እሷን አፍሽን ክፈቺ አልኳት።

«እትዬ፣ የፈረስ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ጥርስ ጥርስ ነው፤ ክፈቺ።»

ከፈተች። ድዷን ቀባሁላት። አሥር ደቂቃ ጠብቀን ምንም ለውጥ የለም ስትል ደገምኳት፣ ይሄኛውን ጨመር አድርጌ፣ ምላሷ ሥር። ብዙም ሳይቆይ መወዛወዟን ተወች። ዐይኗ ቦዘዝ፣ ራሷ ዘመም አለ። ቀስ ብዬ ጋደም አደረግኋትና አንሶላ አለበስኳት። አራት ቀን ያልተኛች ልጅ ስትተኛ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ ለአንዷ ጓደኛዬ ደውዬ ጉራዬን ነፋሁ፤ ሐኪም ያቃተውን እኔ አዳንኩት አልኳት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልያት ብዬ ገባሁ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ምሕረት አልኳት፣ ምሕረት፣ አንቺ ልጅ! ጉንጯን በጥፊ መታሁት፤ ያንኑ የታመመውን ጉንጭ። ዐይኗ ገለጥ ብሎ ነጩ ታየኝና ተመልሶ ተከደነ። እጇ ቀዝቃዛ ነው። የልብ ምቷን ይዤ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ሠላሳ አራት። የኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል። ገደልኳት አልኩ፣ የሰው ልጅ ገደልኩ።

ለሣሮን ደወልኩ። እንዴት ብዬ ልናገረው? አንድ ሰው ያን መድኃኒት ነክቶ ተኛብኝ አልኳት። እጁን ነው አፉን ብላ ጠየቀችኝ። አፏ ውስጥ ገብቷል አልኩ። ስሪንጁን እንዳየውና ስንት መስመር እንደጎደለ እንድነግራት አዘዘችኝ። ነገርኳት።

«እትዬ ማሚት፣ አሁኑኑ 998 ይደውሉ። ስሪንጁን ለሚመጡት ያሳዩ። ምን እንደወሰደች ካላወቁ በሌላ በሽታ ሲፈልጉ ልጅቷ ታልፋለች።»

ሎሚ ላጠጣት፣ ወተት ልስጣት፣ ማርከሻ አይሆንም ወይ አልኩ። ምንም እንዳልሰጣት፣ በጎኗ እንዳስተኛት፣ ትንፋሿን እየቆጠርኩ እንድቆይ ነገረችኝ። ከእንግዲህ ምንም አይስጧት ስትል ድምፅዋ ቆጣ ያለ መሰለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ወዲያው አልደወልኩም። አምቡላንስ ማለት ማዳም ናት። ማዳም ማለት ያለቀ ኢቃማ፣ ፖሊስ፣ ማነው የሰጣት የሚል ጥያቄ ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ታየኝ፤ እናቷ ከደሴ ደውላ ልጄን ምን አደረግሽብኝ ስትለኝ ተሰማኝ። ምናልባት ትነቃለች፣ አዚዛ ነቅታ የለ እንዴ አልኩ። ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ከአንዱ ትንፋሽ እስከ ሌላው ስድስት ቆጠርኩ። ቀጥሎ ሰባት። ቀጥሎ ዘጠኝ ደርሼ ደረቷ አልተነሳም። አሥር ስል በቀስታ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ሦስት ወር ሙሉ ያልረገጥኩትን የትልቁን ቤት ደጃፍ በጫማዬ ገባሁ። ማዳም ማስኳን አፏ ላይ እየሳበች ደረጃው ላይ ቆመች፤ ልጆቿን ወደ ኋላ ገፋቻቸው። ምሕረት እየሞተች ነው አልኳት። ደግነቷን አልክድም፣ ስለ ኢቃማ አንድ ቃል ሳትጠይቅ ራሷ ደወለች።

ነጭ ቱታ የለበሱ፣ ከዐይናቸው በቀር ምናቸውም የማይታይ ሁለት ሰዎች መጡ። መጀመሪያ የጠየቁት ትኩሳት ነበራት ወይ፣ ትስላለች ወይ፣ ከታመመ ሰው ጋር ነበረች ወይ ነው። ማዳም ስለ አብዱልከሪም ነገረቻቸውና ሁለቱ ተያዩ። ዝም ብል በኮሮና ሊወስዷት ነው። ዝም ብል እኔ እተርፋለሁ፤ እሷ ግን ሣሮን እንዳለችው ታልፋለች። ስሪንጁን ዘረጋሁላቸው። አንደኛው ተቀብሎ አነበበውና በአረብኛ ለጓደኛው የሆነ ነገር በፍጥነት ነገረው። ወዲያው አየር አደረጉላት፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተከሉ፣ ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉ።

ሰውየው ቀና ብሎ ይሄን ማን ሰጣት አለ። ማዳም ወደ እኔ ዞረች።

«ራሷ ናት፤ ጥርሷን አሟት ነበር። እኔ አላየኋትም» አልኩ።

እንዲህ ብዬ ላስበው እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ አፌ ቀድሞኝ ወጣ። ጓንቱ አሁንም እጄ ላይ ነበር። ያኔ ጓንት ያላጠለቀ ማን አለና ማን ልብ ይለዋል? ምሕረትን አንስተው ወሰዷት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ጓንቱን አወለቅሁና እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ደገምኩት፣ ሠለስኩት።

ሁለት ቀን ሆስፒታል ስትተኛ እህል በአፌ አልዞረም። ኪዳነ ምሕረትን አንቂልኝ ብዬ እለምናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ነቅታ ምን ትል ይሆን የሚለው ይመጣብኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የቱን አብልጬ እንደፈራሁ ለራሴም አልገባኝም። ሐሙስ ለአዚዛ ጥርስ ሐኪሙ መጣ፤ ሣሮን እጄን ልትይዘኝ ምንም አልቀራት፣ ለርቀቱ ብላ ተወችው። ፈጥነው ባይደውሉ ትሞት ነበር፣ እርስዎ ናቸው ያተረፏት ብላ አመሰገነችኝ። ያን ምስጋና ቆሜ ተቀበልኩ።

ማዳም ቆርጣለች። የቤቴን መድኃኒት የሰረቀች፣ ወረቀት የሌላት፣ ነገ ብትሞትብኝ ማን ይጠየቃል አለች። ጥርሷን ነቅለውላታል፣ ኮሮናም የለባትም፤ አውሮፕላን ሲከፈት በመጀመሪያው ትሄዳለች፣ ኸላስ። የምሳ ትሪ ይዤ ፊቷ ቆሜ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ።

አርብ ከሰዓት ምሕረት ከሆስፒታል ደወለች። ድምፅዋ የሰለለ፣ አፏ ገና ያልተፍታታ ነው። ስሜን ስትጠራ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አስታውሳለች አልኩ፣ አለቀልኝ።

«እትዬ፣ ማዳም ነገረችኝ» አለች። «እኔ እኮ ምንም ትዝ አይለኝም። ሕመሙ አሳብዶኝ ነው መሰለኝ ሳልጠይቅዎት ያነሳሁት። አምነው አምጥተውኝ ስምዎን አሰደብኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እማምላክን፣ ልነግራት ነበር። ማዳም በኮሪደሩ ስታልፍ የጫማዋ ድምፅ ተሰማኝ፤ በሩ ክፍት ነው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።

እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ብላ አለቀሰች።