የኢሌሳ ምንጣፍ

ኢሌሳ ኮኮናቱን ወደ ጉድጓዱ ወርውሮ ወደ ኋላ ሮጠ። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ባሕሩ አጉረመረመ፤ ወዲያው ውሃው በቀዳዳው ተስፈንጥሮ ወጣና ኮኮናቱን ከዘንባባዎቹ በላይ አጎነው። ታላ እንደ ልጅ አጨበጨበች። ላንጊ ግን ውሃውን አልነበረም የምታየው፤ የወርዋሪውን የኢሌሳን እግሮች ነበር። ባሕሩን በጆሮው አዳምጦ ለጎብኚ ቅረቡ፣ ራቁ የሚለው እሱ ነው። ልጇ ሴቲ የሞተው እዚሁ ቦታ ነው። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል።

ታላ የላንጊ ባል የፔኒታላ ታናሽ እህት ናት። ከኦክላንድ ለዕረፍት መጥታ ዛሬ በማታው ጀልባ ልትመለስ ነው። ከመሄዷ በፊት እሳተ ገሞራ የሠራውን የባሕር ዳርቻ ልየው፣ ምሳችንንም እዚያው ዘና ብለን እንብላ ብላ ለመነቻቸው። ሴቲን ባሕር እንደወሰደው ታውቃለች፤ የት እንደሆነ ግን የነገራት የለም። ላንጊ ጠዋት ባሏን ጓዳ ጠርታ ሌላ ቦታ እንውሰዳት ብላው ነበር።

“አንሄድም ካልን ይቅርታው ውሸት ነበር ማለት ነው” አላት ፔኒታላ ሽርጡን እየታጠቀ። “እኔ የቤተሰብ አለቃ ነኝ። ቃሌን አላጥፍም።”

እሱ ቃሉን አያጥፍም፤ እሷንስ መቼ ጠየቃት? ሴቲ በሞተ ማግስት ጎህ ሲቀድ የኢሌሳ ዘመዶች መጥተው ደጃቸው ላይ ተቀመጡ። ኢሌሳ ከፊት ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከስስ ቅጠል የተሠራ የክብር ምንጣፍ ተከናንቦ። በአገሩ ደም የሚደርቀው እንዲህ ነው። የበደለ ተከናንቦ ይቀመጣል፤ የተበደለው ወጥቶ ምንጣፉን ከራሱ ላይ ከገፈፈለት ነገሩ አበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ስለሱ የሚናገር የለም። ላንጊ ያን ሰዓት ጓዳ ውስጥ ከባሕር የወጣውን የልጇን አስከሬን ፀጉር እያጠበች ነበር። ስትወጣ ምንጣፉ ተገፍፏል፣ ወንዶቹ ይላቀሳሉ፣ ፔኒታላ ኢሌሳን አቅፎታል። ምንጣፉም እንደ ደንቡ ለነሱ ቀረና ከፍራሻቸው ሥር ተነጠፈ። ላንጊ ዓመቱን ሙሉ የተኛችው በሱ ላይ ነው። ተኛች ከተባለ።

ዛሬ ጠዋት ግን ስባ አወጣችው። በአንሶላ ጠቅልላ መኪናው ኋላ፣ ከምሳው ዕቃ ሥር ሸሸገችው። ለኢሌሳ ልትመልስለት ነው። ምንጣፉን መመለስ ይቅርታውን መንጠቅ ነው፤ ሁለት መንደር ይቃቃራል፣ ፔኒታላም ሸንጎ ላይ ቀና ብሎ አይቀመጥም። ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች። ግን አንጀቷ አሯል፤ ማወቁ ምን ይጠቅማታል?

ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጎደሬና በኮኮናት ወተት የበሰለ ቅጠል በሉ። ኢሌሳ ለጋ ኮኮናት ቀድዶ ይዞላቸው መጣ። ለፔኒታላ በሁለት እጁ ሰጠ፣ ለታላም ሰጠ፤ ለላንጊ ሲሰጥ ቀና ብሎ አላያትም። እሷም አልተቀበለችውም፤ አጠገቧ አስቀመጠው። ታላ በደስታ ተነስታ ኢሌሳን፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ልቁምና ፎቶ አንሳኝ አለችው።

“አይሆንም፣ እመቤቴ” አላት። “ዛሬ የባሕሩ ድምፅ አላማረኝም።”

“ለልጄስ እንዲህ ብትለው ምን ነበረበት?” አለች ላንጊ።

ፔኒታላ የያዘውን ጎደሬ አስቀመጠ። “ላንጊ፣ ተይ።”

“አልተውም። አንተ ጨርሰሃል፤ እኔ ገና አልጀመርኩም።” ወደ ኢሌሳ ዞረች። “ምን ብለኸው ነው የቀረበው?”

ኢሌሳ ፔኒታላን አየ። አገር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ኢሌሳ ባሕሩ የተኛ መስሎት “ቅረብ” አለው፣ ልጁም ቀረበ። የጆሮ ስህተት ነው፣ ማንም ወርዋሪ ይሳሳታል። በይቅርታው ማለዳ የተነገረውም ይኸው ነበር። ኢሌሳ ቀስ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

“ከቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር ነበር የመጣው” አለ። “ድምፁ ያስፈራል፣ አልቀርብም አለኝ። ልክ ነበር፣ እትዬ። እኔም ሰምቼዋለሁ። ግን ልጃገረዶቹ እያዩን ነበር። ፈሪ አልኩት። ሂድ የእናትህን ቀሚስ ያዝ አልኩት። ሲስቁበት ጊዜ ሄደና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።”

ታላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የት ተቀምጣ ስትበላና ስታጨበጭብ እንደዋለች የገባት አሁን ነው። ፔኒታላ ፊቱ አመድ መሰለ። እሱ ይቅር ያለው የጆሮ ስህተትን ነበር፤ ይህን የነገረው አልነበረም።

ላንጊ ወደ መኪናው ሄዳ ጥቅልሉን አወጣች። ፊቱ ላይ ልትወረውርበት ነበር። ተመልሳ ስትመጣ ግን ኢሌሳ እግሩን አጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት፤ ያዘዘው ሰው የለም። ያን ማለዳ እሷ ያላየችው ይህንን ነበር። ልጇን ፈሪ ያለው አፍ እዚያ ታች፣ ጉልበቱ አጠገብ ነው። ጠላችው። ከዚህ በፊት እንዲህ ጠልታው አታውቅም።

አንሶላውን ፈታች፣ ምንጣፉን ዘረጋች፣ ራሱ ላይ አለበሰችው።

ፔኒታላ ቶሎ ብሎ ቀረበና እጁን ሰደደ።

“እንዳትነካው” አለችው። “የዚያን ቀን አንተ ገፈፍክለት። ዛሬ መግፈፉም መተዉም የኔ ነው።”

“ፀሐዩ ይገድለዋል እኮ፣ ላንጊ።”

“እኔስ ጥላ ሥር የምቀመጥ መሰለህ?”

ባሕሩ ድንጋዩን ከታች መታው፤ ውሃው ወጥቶ ሁሉንም አረጠባቸው። ታላ ዕንባዋን እየጠረገች ጀልባው ሊያመልጣት እንደሆነ ለወንድሟ በሹክሹክታ ነገረችው። ፔኒታላ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ሚስቱን ተመለከተ። ላንጊ በሚፋጀው ድንጋይ ላይ፣ ከተከናነበው ሰው ፊት ለፊት፣ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች።

“እናንተ ሂዱ” አለች። “እኔ ገና ነኝ።”