በቀን አራት ጣት

ማሕጉል ስድስተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ በጨረሰች በማግስቱ እማዬ ምንጣፍ መሥሪያው ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። የምረቃው ድግስ ይኸው ነበር። በእኛ ሰፈር፣ በካቡል ምዕራብ ጫፍ፣ ሴት ልጅ ስድስተኛን ከጨረሰች ከዚያ በላይ መማር ክልክል ነው፤ የትምህርት ቤቱ በር ለእሷ ግድግዳ ነው። እኔ ጊሱ ታላቋ ስለሆንኩ ግድግዳውን ቀድሜ የተዋወቅሁት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ ለምጄዋለሁ እያልኩም እዋሻለሁ።

እህቴ ግን መዋሸት አታውቅበትም፤ ዝም አለች። ያቺ የሬድዮ ዜና አንባቢውን ሳይቀር ስታርም የምትውል ልጅ የቀራት ቃል ሁለት ብቻ ሆነ፦ «እሺ» እና «አልራበኝም»። የሚሮጡት ጣቶቿ ብቻ ናቸው። በቤታችን እንደ እሷ ፈጥኖ የሚቋጥር የለም። እማዬ ይህን ስታይ ደስ ይላታል፣ ደስ ስላላት ደግሞ ታፍራለች። አንድ ጠዋት ማሕጉል ጽሑፍ ያለበት የሳሙና መጠቅለያ ከወለል አንስታ ሳታነበው እሳት ውስጥ ጣለችው። ማሕጉል! ሳታነብ! ያን ቀን ነው እቤት ውስጥ ትምህርት ቤት እከፍታለሁ ያልኩት።

ተማሪ አላጣሁም። ማሕጉል አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከእኛ ጋር የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ዙለይኻ አሥር ሞልቷታል፤ ከኢራን ከተመለሰች ገና አምስት ወሯ ስለሆነና ወረቀት ስለሌላት የሚመዘግባት አልተገኘም፤ ማንበብም አትችልም። ወንድሜ ያሲን ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት የሚገባው ከኖውሩዝ፣ ከአዲስ ዓመታችን በኋላ ነው፤ እስከዚያው ሥራው መሮጥ ነው። ትንሿ እህታችን ሑስና አራት ዓመቷ ሲሆን ጠመኔ ትበላለች።

«እማዬ፣ ማሕጉልን በቀን ሁለት ሰዓት ስጪኝ» አልኳት።

«ከየት አምጥቼ?» አለች እጇን ሳታቆም። «ነጋዴው ከኖውሩዝ በፊት ሊወስደው ይመጣል። ምንጣፉ በቀን አራት ጣት ካላደገ አይደርስም።»

«አራት ጣቱን ባላጎድልብሽስ?»

«አንቺ?» ሳቀች። «አንቺ አንድ ስትቋጥሪ ሁለት ይፈታል!»

እውነቷን ነው። ጠሪ ያደረገችኝም ለዚሁ ነው። ንድፉ ያለው በትንንሽ ባለ ቀለም ካሬዎች የተሞላ ወረቀት ላይ ነው። እኔ ወረቀቱን እያየሁ በዜማ እጠራለሁ፦ «ሦስት ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ አምስት ቀይ!» እነሱ ዓይናቸውን ከድሩ ሳይነቅሉ ይቋጥሩና «ተቋጠረ!» ይላሉ። ጆሮ ሰምቶ ለጣት ያቀብላል፤ ጭንቅላት መሃል አይገባም።

«አንድ ሳምንት» አለች እማዬ፣ ስነዘንዛት ከዋልኩ በኋላ። «ከቅዳሜ ጀምሮ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሃያ አራት ጣት ከሞላ ትምህርት ቤትሽ ይቀጥላል። አንድ ጣት ከጎደለ ግን ደብተሮቹ ሣጥን ይገባሉ፤ ማሕጉልም ሙሉ ቀን አግዳሚው ላይ ናት። ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

«እሺ» አለች ማሕጉል፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የመጀመሪያውን ፕሮግራም የቁም ሳጥኑ በር ላይ በጠመኔ ጻፍኩት። እንዴት እንደሚያምር! ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓምድ ነበረው። ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፍ፣ ሁለት ከሩብ ላይ ሒሳብ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ንባብ፣ ከዚያ ዕረፍት። ደወላችን የድስት ክዳን ነበረ። ከድሮው ትምህርት ቤቴ ያልገለበጥኩት የጥበቃውን ጢም ብቻ ነው።

ቅዳሜ ፕሮግራሙ እስከ ሦስት ሰዓት እንኳ አልቆየም። ያሲንን ፊደል ሳስተምር ንድፍ የሚጠራ ጠፋ፤ እማዬ ክር ይዛ አፍጥጣ ጠበቀችኝ። ልጥራ ብዬ ስመለስ ያሲን ጣሪያ ላይ ወጣ። ዙለይኻን ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ስላደረግኋት አኮረፈች፦ «ከዚህ ጥርሱ ካልበቀለ ጋር ነው እኔን የምታስቀምጪኝ? እኔ እኮ ኢራን ብቻዬን ገበያ እላክ ነበር!» ሑስና የከሰዓት በኋላውን ክፍለ ጊዜ በላችው፤ ጠመኔውን ማለቴ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ እማዬ ጣቶቿን ምንጣፉ ላይ አጋድማ ለካች።

«ሦስት። ትምህርት ቤትሽ አንድ ጣት በላ፣ ዳይሬክተሯ።»

የበሩን ጽሑፍ በእጅጌዬ ጠርጌ አጠፋሁት። ትምህርት ቤት ምን ያደርግ እንደነበረ ማሰቡን ትቼ ቤታችን ምን እንደሚያደርግ ማየት ጀመርኩ። እማዬ አንድ መስመር በጨረሰች ቁጥር በብረት ማበጠሪያው ትመታዋለች፣ በመቀስ ትከረክመዋለች። ያኔ ጠሪ አያስፈልግም። ያቺ ፋታ ለያሲን ትበቃዋለች፤ የእሱም ልብ ከዚያ በላይ አንድ ቦታ አይቀመጥም። አንድ መስመር፣ አንድ ፊደል፣ ከዚያ ሩጥ። ሑስና የክር ኳሶቹን በየቀለማቸው ትለይ፤ ያ ትምህርቷ ነው፣ ለእኛም ይጠቅመናል። ከምሳ በኋላ እማዬ ስትሰግድና ዳቦ ስትጋግር የምንጣፉ ሥራ ድሮም ግማሽ ነው፤ ያ ሰዓት የማሕጉል ይሁን። ዙለይኻ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጣ ንድፉን እያየች ቁጥር ትማር። ይህን ሁሉ በሩ ላይ እንደ አዲስ ጻፍኩት።

እሑድ አራት ጣት ሞላ። ሰኞ አምስት! እማዬ ሁለቴ ለክታ ተነሣች።

ማሕጉል ከጎረቤት ልጅ የተዋስኩላትን የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ እሑድ ዕለት ሽፋኑን ብቻ ስታየው ዋለች። ሰኞ ገለጠችው።

«ቁጥር መሃል ፊደል ምን ትሠራለች?» አለች።

«እንግድነት መጥታ ነዋ» አልኩ። ምን ልበል? እኔም እኮ የጨረስኩት ስድስተኛን ነው።

ቀና ብላ አየችኝ። «አታውቂውም!» አለችና ሳቀች። ከሁለት ወር ወዲህ ሳቋን ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው። እኔም ከዚህ በኋላ ይህን ፕሮግራም ከእጄ የሚነጥቀኝ የለም አልኩ።

የነጠቀኝ የራሴ አፍ ነው። ማክሰኞ ዙለይኻ መቁጠር ሰለቻት፤ መደመር አማራት። ካሬዎቹን እያሳየኋት በለመደው አፌ፣ በለመደው ዜማ «ሰባት ቀይ፣ አምስት ሰማያዊ፣ ስንት ይሆናል?» አልኳት። «አሥራ ሁለት!» አለች ዓይኗ እያበራ። በጣም ደስ አለኝ። «ስድስት ጥቁር፣ ስምንት ሰማያዊ!» እያልኩ ሌላም ሌላም ቀጠልኩ። ወደ አግዳሚው ዞሬም አላየሁ። ከዚያ በኩል «ተቋጠረ!» ሲሉ እየሰማሁ ነበር፣ ግን መቼስ ሁልጊዜ ነው የሚሉት።

እማዬ ማበጠሪያውን አስቀምጣ ወደኋላ ተለጠጠች። በምንጣፉ ነጭ መደብ ላይ፣ አበባ የሚባል በማይደርስበት ቦታ፣ ሦስት መስመር ሙሉ ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ትል ተጋድሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።



«መጀመሪያው አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ አሥራ አራት ነው» አለች ማሕጉል።

«ሒሳብ! ምንጣፌ ላይ ሒሳብ ሠራሽበት?» እማዬ ተነሥታ ቆመች። «ሰው ቤቱ አንጥፎ ይደምርበት? አንቺስ ማሕጉል፣ ዓይን የለሽም?»

«ጠራች፣ ቋጠርኩ። አንቺም እኮ ቋጥረሻል።»

ይህ መልስ እማዬን ይብስ አናደዳት፤ እውነት ነበራ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ ስንፈታ ዋልን። ያን ቀን ምንጣፉ ሁለት ጣት ብቻ አደገ። ረቡዕ መደመርን ወደ ማድ ቤት አዛወርኩት፤ ዙለይኻ ድንች ስትልጥ ትደምር፣ ድንቹን ማንም ምንጣፍ ላይ አይቋጥረውም። አራት ሞላ። ሐሙስ ሁላችንም በጠዋት ተነሥተን አምስት አደረስን። እማዬ ለካች። ሃያ ሦስት።

«ቃሌን ታውቂያለሽ» አለች። ድምፅዋ አልጠነከረም፤ እሱ ነው የባሰ ያስፈራኝ። እጇን ወደ ደብተሮቹ ስትዘረጋ ማሕጉል ክር መምረጥ ጀመረች፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ። ያ የሰሞኑ ዝምተኛ ፊቷ ሲመለስ አየሁት።

«ሳምንቱ አላለቀም!» አልኩ።

«ነገ ዓርብ ነው። ዓርብ አይሠራም።»

«አንቺ ‹ሳምንቱ ሲያልቅ› ነው ያልሽው። ዓርብ ሳምንቱ ውስጥ የለም? ማን አወጣው?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን...»

«ሳምንቱ ሲያልቅ ነው ያልሽው፣ እማዬ» አለች ማሕጉል፣ ከክሩ ላይ ቀና ሳትል።

እማዬ ሁለታችንንም አፈራርቃ አየችን። «ይሁን። ግን ነገ እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ ማሕጉልም ታግዘኛለች። ከፈለግሽ ራስሽ ቁጭ ብለሽ ቋጥሪ።»

አንድ ጣት። ማሕጉል ብትሆን ሻይ እየጠጣች ትጨርሰዋለች። እኔ ግን... ደግሞስ እኔ ስቋጥር ማን ይጠራል?

ዓርብ ጠዋት ንድፉን ለዙለይኻ ሰጠኋት። ወደኋላ ሸሸች። «እኔ ማንበብ አልችልም እኮ!»

«ስንት ቀይ ካሬ አለ?»

«አራት።»

«ከዚያስ?»

«ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር።»

«እያነበብሽ እኮ ነው። በዜማ በይውና እንገላገል።»

የእኛን ዜማ ትታ አንድ ኢራን ውስጥ የሰማችውን የኪያር ሻጭ ዜማ አመጣች። «አራት ቀአአአይ!» ያሲን መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔ ለመሳቅ ጊዜ አልነበረኝም። ክሩ ጣቴን ይበጣኛል፣ ቋጠሮው ይላላል፣ እንደገና አጠብቃለሁ። ዙለይኻ አንዳንዴ አንድ ካሬ ትዘልና «ቆይ፣ ቆይ፣ ተሳስቻለሁ፣ ያንን ፍቺው!» ትላለች። እፈታለሁ። ምሳ ሲደርስ ግማሽ ጣት እንኳ አልሞላንም። አልበላም አልኳቸው፤ አውራ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ቀጠልኩ።

ከግቢው የሚሰማው የልብስ እጥበት ድምፅ በመሃል ቆመ።

«ዙለይኻ!» ብላ ጮኸች እማዬ ከውጭ። «ስትጠሪ ትንፋሽ ስጫት! ያቺ ዘገምተኛ ናት!»

ጆሮዋ ለካ እኛ ጋ ነበረ። ከዚያ ወዲያ ዙለይኻ እየጠበቀች ጠራች፣ እኔም መፍታት ተውኩ።

ፀሐይዋ መስኮቱን ልትለቅ ስትል እማዬ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገባች። ቁጢጥ ብላ ጣቷን አጋደመች። «ሁለት መስመር ይቀራል» አለችና እዚያው ቆመች። ሁለቱን መስመር ትንፋሿ አንገቴ ላይ እየተሰማኝ ቋጠርኩ። ማበጠሪያውን ከእጄ ወስዳ ራሷ መታችው፤ እንደገና ለካች።

«ጠርዙ የበግ ጅራት መስሏል» አለች። «ግን ሞልቷል።»

ልጮህ አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። «ስሚኝ። ከነገ ጀምሮ ጠሪዋ ዙለይኻ ናት። አንቺ እጅሽ እስኪገራ አግዳሚው ላይ ትቀመጫለሽ። ማሕጉል ደግሞ መጽሐፏን ይዛ ጠዋት ትቀመጥ። ከምሳ በኋላ ሰው ያንቀላፋል እንጂ ይማራል እንዴ? ከሁለት እስከ አራት ሰዓት የሷ ነው።»

አግዳሚውን እጠላዋለሁ። እማዬም ታውቃለች። «እሺ» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሕጉል ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ዙለይኻ በኪያር ሻጭ ዜማዋ ጀመረች። ከኋላዬ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። ቆይቶ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ በቁም ሳጥኑ በር ላይ ጠመኔ ሲፋጭ ሰማሁ።

«አንቺ ጊሱ፣ ይሄ ፕሮግራምሽ ስህተት አለው» አለች ማሕጉል። «ጽሕፈት የት አለ? ለያሲን በቀን ይህን ሁሉ ፊደል ጭነሽበት መቼ ይጽፈዋል? ደግሞ ለራስሽ ምንም አልመደብሽም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ አስተምርሻለሁ። ብታረፍጂ አላስገባሽም፣ እወቂው! ደግሞ ይሄ ‹ሒሳብ› ያልሽው...»

ዘወር ብዬ ልመልስላት አልቻልኩም፤ ዙለይኻ እየጠራች ነበር። ማሕጉል ከኋላዬ እየደመሰሰች፣ እየጻፈች፣ እየለፈለፈች ቀጠለች።