ነጩ ምላስ

ሥርጉት የጎረቤቷን ጉርሻ ስትመልስ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አይቷታል።

የአሰለፈች ልጅ ሃሌሉያ ተመርቃ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ድግስ ነበር። አሰለፈች ቀይ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ ከእንግዳው ሁሉ አስቀድማ ወደ ሥርጉት መጣች።

«በይ ክፈቺ!»

«ጠግቤያለሁ፣ አሴ።»

«ምን በልተሽ? ገና አሁን መግባትሽ! በሞቴ!»

ሥርጉት ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን አዞረች። ወጡ በአሰለፈች ጣቶች መሃል ተንጠባጠበ።

«እጄ ቀፈፈሽ እንዴ?» አለች አሰለፈች ለመሳቅ እየሞከረች። ማንም አልሳቀላትም። ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችውና ወደ ሌላ እንግዳ ሄደች።

እጇስ ምን አጠፋ። ሥርጉትን ያስፈራት የገዛ አፏ ነበር። ባጃጅ ተገልብጦ የተሰበረው እግሯ እስከ አጥንቱ አመርቅዞ፣ ሐኪሙ ለወራት የሚዋጥ አንቲባዮቲክ አዞላታል። «ካቋረጥሽው እግርሽን ልናጣው እንችላለን» ብሏታል። ስትውጥ ከርማ አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ምላሷን ብታወጣ፣ እንደ እርጎ የረጋ ነገር ለብሶታል። በሎሚና በጨው ፈተገችው፤ ደማ እንጂ አልጠራም።

እንዲህ ያለ ምላስ ከዚህ በፊትም አይታለች። በልጅነቷ፣ አቃቂ በሰቃ፣ ከስተው ከስተው በሚሞቱ ሰዎች አፍ ላይ። ጎረቤቱ በሹክሹክታ «ያ በሽታ» ይለው ነበር። ባሏ በዛብህ ደግሞ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። በኩላሊት ሕመም ሲሞት ለቀስተኛው እርስ በርሱ ሲተያይ አይታ፣ «ባሌን አውቀዋለሁ» ብላ አንገቷን ቀና አድርጋ ቀብራዋለች። አሁን አፏን ብትከፍት፣ ያን ጊዜ ያልተነገረው ሁሉ ሊነገር ነው።

«እሱ ከሆነማ እግሬ ቢድን ምን ሊረባኝ» ብላ ካፕሱሉን መዋጥ ተወች።

ከድግሱ ማግስት እግሯ ይጠዘጥዛት ጀመር። የማያውቀኝ ሰው ይሻላል ብላ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ቃሊቲ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄደች። የተቀበለቻት ናዕማ የምትባል ወጣት ጤና መኮንን ናት።

እግሯን አይታ ስታበቃ፣ ነጠላው ከአፏ አለመውረዱን አስተዋለች። «እስቲ አፍዎን ይክፈቱ፣ እትዬ።»

ሥርጉት ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

«ውይ! ምን አድርገው ነው እንዲህ ያቆሰሉት?»

«ሎሚ…»

«ሎሚማ ለዓሣ ነው! ይሄ እኮ ፈንገስ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ሥርጉት የካፕሱሉን እሽግ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይኸውልዎት። ይሄ ክፉውን ባክቴሪያ ሲገድል ደጉንም ይጨርሰዋል፤ ፈንገሱ ከልካይ ሲያጣ ይንሰራፋል። ፈሳሽ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ከምግብ በኋላ አፍዎ ውስጥ አቆይተው ይዋጡት። ካፕሱሉን ግን እንዳያቋርጡ።»

«አቋርጬዋለሁ» አለች ሥርጉት፣ መሬት መሬት እያየች።

ናዕማ ቀልዱን ተወች። «ለምን?»

«ያኛው መስሎኝ ነዋ።»

ናዕማ የትኛው ብላ አልጠየቀችም። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና «እንመርምርና ይረፉ» አለች።

ጣቷን ተወግታ ውጤት ስትጠብቅ፣ ሥርጉት ከሞተው ባሏ ጋር በሆዷ ትሟገት ነበር። ከየት አመጣኸው? ከየትኛው ከተማ? እኔ ልብስህን አጥቤ ስሸኝህ፣ አንተ ከማን ጋር ታድር ነበር? መልስ አልጠበቀችም። አብራው ያደረችውን ሴት መልክ ሳይቀር በሐሳቧ ሥላ ጨርሳለች።

«ነፃ ነዎት» አለች ናዕማ። ሥርጉት ነጠላዋን መልሳ ስትከናነብ ጊዜ «ምነው፣ ደስ አላለዎትም?»

«ብሎኛል።»

ደስታ ግን አልነበረም። ለቀስተኛው ቢበዛ ጠርጥሮ ነው፤ እሷ ፈርዳበታለች። ያውም ሁሉም ሲያማው ያልተቀበለችው፣ አብራው የኖረችው እሷ። በዛብህን ይቅርታ ልትጠይቀው አትችል፤ ለሌላ ሰው ደግሞ የሚነገር አይደለም።

«ካፕሱሉን ዛሬውኑ ይጀምሩት፤ ማቋረጥዎንም ለሐኪምዎ ሄደው ይንገሩ» አለቻት ናዕማ ውሃ እያቀበለቻት። እዚያው ዋጠችው።

ውጭ ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል። ጎማ ሥር ተንበርክኮ ብሎን የሚያጠብቅ ሹፌር ስታነክስ አያትና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሣ።

«እናቴ፣ ቆይ ላሻግርሽ። እነዚህ ሹፌሮች ሰው አያዩም፤ እኔንም ጨምሮ!»

ክንዱን ይዛ ተሻገረች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ፊቱን ግን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።