ባዶ የተቀመጠው አራት ጊጋ

አክስቴ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የመጻሕፍት ገጽ አቀናብራለች። ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ገብታ ጥራዝ እንድትቆጥር የተወሰነው፣ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ በከፈተች ቁጥር ፕሮግራሙ ስለሚዘጋባት ነው። ኃላፊው ምክንያቱን «ዕድሜ» ብሎ ጨርሶታል። የኮምፒውተሩን ይሁን የእሷን አላብራራም።

ሰኞ ሳይደርስ ኮምፒውተሩን ልይላት ብዬ ዓርብ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ሊነክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ተጭኖበታል፣ ሜሞሪው ሁለት ጊጋ ብቻ። «መፍቻ» የሚሉት የጥገና ሠራተኛ ተከትሎን ገባ። ከእኔ ቢበልጥ በሦስት ዓመት ነው።

«ሜሞሪ አንሶት ነው» አለኝ። «ሴትዮዋም መስኮት ታበዛለች።»

«ሴትዮዋ እዚህ ቆማለች» አለች አክስቴ።

«ኧረ እትዬ፣ ክፉ አልወጣኝም።»

«ክፉ ሳይወጣህ ነው መጋዘን ያስገባኸኝ።»

መጽሐፉን ከፈተች። አርባኛው ገጽ ላይ ስክሪኑ ደረቀ፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙ ጠፋ። የስዋፑን መጠን አየሁ፤ ዜሮ ይላል። ስዋፕ ሜሞሪው ሲሞላ ለጊዜው የማይፈለገውን ነገር የሚያሳርፍበት የዲስክ ቦታ ነው። ዲስኩን ሳየው ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተከለለ አራት ጊጋ ባዶውን ተቀምጧል። ጎተራ ሠርቶ እህሉን ዝናብ ላይ እንደማፍሰስ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነበውን ፋይል ከፈትኩ። መፍቻ የትእዛዝ መስመር አይሰርዝም፤ ፊቱ ላይ የመሰላል ምልክት (#) ያደርግና እንዳይነበብ ያስተኛዋል፣ ከጎኑም ማስታወሻ ይጽፋል። የስዋፑ መስመር ተኝቷል። ማስታወሻው «ዲስኩ ይጮኻል ስለተባለ ለሙከራ የተዘጋ። ነገ ይከፈታል» ይላል። ቀኑ ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«የኔ ነው» አለ። «ግን ጽፌዋለሁ እኮ።»

«መጻፍህ ጽድቅ መሰለህ?»

«አልደበቅኩም ለማለት ነው።»

ደሜን ያፈላው ይሄ ነው። ሰው ሥራውን ጥሎ ማስታወሻ ከተወ ንጹሕ ነኝ ይላል። እሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለቀ ሥራ ከመጀመሪያው እየሠራች፣ ቤት ገብታ «እጄ ከብዷል መሰለኝ» ትለን ነበር። እኛም አምነናታል።

ምልክቱን አጥፍቼ ስዋፑን አስነሳሁት። አክስቴ መጽሐፉን እንደገና ከፈተች። አርባኛው ገጽ ላይ ዲስኩ አጉረመረመ፣ ገጹ ተንቀራፈፈ፣ ግን አለፈ። ስልሳኛውም አለፈ።

ኃላፊው መጥቶ ቆሞ አየ። «ጥሩ ነው። ግን የዝውውሩ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ጥገና ክፍሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ካላቀረበልኝ አልሽረውም።»

ወንበር ስቤ መፍቻን አስቀመጥኩት። ወረቀትም ሰጠሁት።

«‹በቴክኒክ ችግር› ብል ምን አለበት?»

«ቴክኒክ ደሞዝ አይበላም። አንተ ትበላለህ። ‹እኔ ዘግቼው ሳልከፍተው ቀረሁ› በል።»

«ይቺን ልጅ ማን ነው ያሳደጋት?» አለ ወደ አክስቴ ዞሮ።

«እኔ ነኝ። ጻፍ።»

ጻፈ፣ ፈረመ። ኃላፊው ሁለቴ አንብቦ ማኅተም መታበት፤ ዝውውሩን ከፋይሉ አውጥቶ ቀደደው። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም። ልናገር አፌን ስከፍት አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ ያለ ሥዕል ጠሟል፤ እሱን እያቃናች ነው።

«ሄዱ?» አለችኝ ትንሽ ቆይታ።

«ሄዱ።»

«በይ አንቺም ሂጂ። ብርሃኑን ጋርደሽብኛል።»