«እርስዎ» የገባባት ከተማ

ያን ዕለት ማምሻውን ጎረቤቴ ሙሜ ዩያ በደጄ ሲያልፍ «እንደምን አመሹ?» ብሎኝ አለፈ፤ እኔም በቆምሁበት ደርቄ ቀረሁ። ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው ይህ ትሕትና ነው። በእኛ ዘንድ ግን ልጅ አባቱን፣ ተከሳሽም ዳኛውን «አንተ» እያለ የሚኖር ስለሆነ፣ «እርስዎ» የሚባለው ወይ እንግዳ ነው ወይ የተቀየሙት ሰው። እኔና ሙሜ እሱ «አንተ፣ ፍየሌን አትውገር» ሲለኝ፣ እኔ «አንተ፣ ፍየልህ ሱሪዬን በላች» ስለው፣ በአንድ አጥር ጎልምሰን በአንድ አጥር ሸብተናል። በዚያ ዓመት ግን ከወዲያም ከወዲህም «ወገንህ የት ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ሙሜም ወገኑን ፍለጋ በማግሥቱ ጧት ዕቃውን ጭኖ ወደ አባቱ መንደር ሊሄድ ነበር። ላስቀረው ፈለግሁ። ነገር ግን «አትሂድ» ልበል ወይስ «አይሂዱ» ስል ሳመነታ የሙሜ በር ተዘጋ።

በዚህ ኀዘን ተይዤ፣ ከሙቀቱም የተነሣ በግቢዬ በዘረጋሁት አልጋ ላይ እንደተጋደምሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። እነሆም ነጭ የለበሰ፣ ፊቱ የሚያበራ ሽማግሌ በራስጌዬ ቆመ። መልአክ መስሎኝ ልሰግድለት ስንበረከክ «ተነስ አንተ፣ ሱሪህ አቧራ ሆነ» አለኝ፤ የከተማችን መልአክ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

እጄን ይዞ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወሰደኝ። በወንዙ ግራና ቀኝ ኖራ የተቀባ ረጅም ግንብ ተሠርቷል፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ በር፣ በበሩም ላይ በየራሱ ቋንቋ የተጻፈ ሰላምታ አለው። መንገዱ የተጠረገ፣ አየሩ ጸጥ ያለ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው «እርስዎ ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ፣ ሁለቱም ሳያልፉ ፀሐይ አዘቀዘቀች።

«እዚህ ጠብ የለም እንዴ?» አልሁት።

«የለም። ጠብ መተዋወቅ ይፈልጋል።»

«ሰርግስ?»

«አለ። ግን ዘፈኑን እያበላሸ የሚያስቅ ጎረቤት ስለሌለ ቶሎ ያልቃል።»

ከበሩ አጠገብ፣ ከጀልዴሳ ወተት ይዛ የመጣች ሴት ከዘበኛው ጋር ቆማ አየሁ። እንደ እሷ ያሉት የመንደር ሴቶች በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ አስገብተው፣ ያልገዛውን በሦስቱም ሰድበው የሚሄዱ ነበሩ።

«የየትኛው ነው?» አላት ዘበኛው።

«የግመል።»

«እሱን አልጠየቅሁዎትም። የየትኛው ሰፈር ነው?»

«የምትጠጣው ከሆነ ጠጣው፣ ካልጠጣኸው ሰፈርህን ጠጣ» አለችና የጎመዘዘውን ወተት አሸዋው ላይ ደፍታ ተመለሰች። በዚያች ከተማ የሰማሁት «አንተ» ይህ ብቻ ነው፤ እሱም በበሩ አልገባም።

«ወደ ሙሜ ውሰደኝ» አልሁት መሪዬን።

ሙሜ በአባቱ መንደር በዛፍ ጥላ ሥር፣ በዘመዶቹ ተከቦ፣ እጅግ አርጅቶ ተቀምጧል።

«ተመቸው?»

«ያከብሩታል። ግን በኦሮምኛው ውስጥ ያንተ ቃላት ስለተቀላቀሉበት፣ ባወራ ቁጥር ልጆቹ ይስቃሉ። አሁን ዝም ማለት ለምዷል።»

ተጠግቼ «አንተ ሙሜ» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ።

እያለቀስሁ ወደ መሪዬ ዞርሁ። «ይህን ሁሉ ማን አደረገው?»

«ማንም። የጎረቤቱ በር ሲዘጋ፣ እያንዳንዱ ‘አትሂድ’ ነው ወይስ ‘አይሂዱ’ እያለ ያስብ ነበር።»

የመኪና ጡሩምባ ቀሰቀሰኝ። ነግቷል። ባዶ እግሬን ስወጣ ሙሜ በጭነት መኪናው ላይ ፍራሹን በገመድ እያሰረ ነው።

«አንተ» አልሁት፣ «አትሂድ።»

እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። ከዚያ ቋጠሮውን አጠበቀና «ዕቃው ተጭኗል» አለ። አንተም እርስዎም የሌለበት አነጋገር ነበር፤ ማታውኑ ብናገር ኖሮ ገና አልተጫነም ነበር። መኪናው ተነሣ። ከመታጠፊያው ሲደርስ ግን ጭንቅላቱ በመስኮት ወጣ።

«አንተ፣ በሩን ዝጋው፤ ፍየሏ ትወጣለች።»

ዞር ብል ፍየሏ በሙሜ ባዶ ግቢ መካከል ቆማ ካርቶን ታኝካለች። ፍየሉን ትቶ የሄደ ሰው ሄደ ይባል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩን ዘጋሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ያየሁትን ላገኘሁት ሁሉ ልናገር የተነሣሁት፣ አንተም በጎረቤትህ ደጃፍ ቆመህ ሰዋስው ስትመርጥ እንዳይመሽብህ ነው። «እርስዎ» ስላላልሁህ አትቀየመኝ።