ወደ ደቡብ የዞረው ክፍል

ከሰል ማንደድ ከተከለከለ ወዲህ እኛ መንደር ብርዱ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ይነጫነጫል። በምትኩ የገባው ጋዝ ደህና ያሞቃል፤ ግን ጡረታ ጠራርጎ ይበላል። ጎረቤቶቼ ጋሼ ጌንግና እትዬ ስዊላን አምና ለጋዝ ከፍለው ሲያበቁ በጎመንና በማሽላ አጥሚት ነው የከረሙት። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ክፍል ብቻ ለማሞቅ ተስማሙ። በየትኛው ክፍል ላይ ግን መስማማት አቃታቸው።

የሚተኙበት ክፍል ወደ ሰሜን የዞረ ነው፤ ግድግዳው ያልበዋል፣ ላቡም በረዶ ይሠራል። ፀሐይ የምትገባው በደቡቡ ክፍል ነው። እሱ ደግሞ የልጃቸው የዮንግሼንግ ነበር። ዮንግሼንግ ከተማ ግንብ ሲሠራ ወድቆ ከሞተ ጀምሮ እናቱ ቆልፈውታል።

«ፀሐይ በነጻ የምትገባበትን ቤት ዘግተሽ እኔን ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስተኚኛለሽ» አሉ ጋሼ ጌንግ።

«ከበረደህ ሂድና ከአሳማዎቹ ጋር ተኛ!»

«አሳማዎቹንማ ሸጥናቸው። ዕድለኞች ናቸው፣ ካንቺ አመለጡ።»

እኔ ላስቲክና ፕላስተር ይዤ ሄጄ የሰሜኑን መስኮት ሸፈንኩላቸው፤ የበሩንም ሥር በአሮጌ ጆንያ ወተፍኩ። ብዙም አልረዳ። እትዬ ስዊላን ማሞቂያውን ከፍ ሲያደርጉት፣ ጋሼ ጌንግ የጋዙን ቢል ፈርተው ዝቅ ያደርጉታል። በዚህ መሃል ሽማግሌውን ሳል ያዛቸው፤ ሳሉም ወደ ደረት ወረደ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ «ሙቀት አይለያቸው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ስዊላን ደጄ ላይ ቆሙ። «ዌንቢን፣ ላስቲክ ተርፎሃል?»

የደቡቡን ክፍል ከፈቱልኝ። መስኮቱ ዳርና ዳር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው።

«እትዬ፣ ላስቲክ ብቻውን አይበቃም። ጨርቅ ይስጡኝ።»

ዙሪያውን አዩ። ከዚያ የዮንግሼንግን ወፍራም ካፖርት ከምስማሩ አውርደው ገበሩን በመቀስ ቀደዱና ጥጡን እየመዘዙ ያቀብሉኝ ጀመር።

«ይሄንንስ ይተዉት፣ እትዬ።»

«ማን ሊለብሰው ነው? ወትፍ!»

ጋሼ ጌንግ ብርድ ልብስ ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ስዊላን፣ ይቅር። እኔን ይብረደኝ።»

«ዝም በል! አንዱን ቀብሬያለሁ።»

ክፍሉ ሞቀ። ጋሼ ጌንግ ቀን ቀን በልጃቸው አልጋ ላይ፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ አርፋ ይተኙ ነበር። ሳንባቸው ግን አስቀድሞ ተጎድቶ ኖሮ በብርዱ ወራት የሚውለው አዲስ ዓመታችን ሳይገባ አረፉ። ሲሞቱ ገላቸው ሞቃት ነበር፤ እትዬ ስዊላን ለቀብር ለመጣው ሰው ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚደጋግሙት።

ከቀብር በኋላ የጋዙ ቢል መጣ። ከአምናው በግማሽ ቀንሷል። አንብቤ ስነግራቸው ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉት።

የቀረውን የብርድ ጊዜ ማታ ማታ እኛ ቤት ነው የሚያድሩት። ሚስቴ አጥሚት ብታቀርብላቸው ሁለቴ ቀምሰው ያስቀምጣሉ። ቀን ወደዚያ ክፍል ሄደው፣ ማሞቂያውን ሳይከፍቱ አልጋው ላይ ይቀመጣሉ።

«ይክፈቱት እንጂ፣ እትዬ» ብላቸው፦

«ለእኔ ብቻ?» አሉኝ።