አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ

እሱ፣ ትላለች ልጅቷ፣ እሱ ብላ አፏን እንደከፈተች በሩ ሲጥ ይላል፣ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ታብሌቱ ጥግ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ምልክት ይነካል፣ ያለ ፈቃድሽ የነካሽ ሰው አለ ወይ የሚለው ይጠፋል፣ በቦታው ሳሙና ይመጣል። በቀን ስንት ጊዜ እጅሽን ትታጠቢያለሽ? ጎበዝ ጣት። ሦስት ቀን ሰልጥኖበታል። ከውጭ የመጣችው አሰልጣኝ በአስተርጓሚ፣ ሰው ከገባ ስለ ንጽህና ጠይቁ፣ እናንተ ትሄዳላችሁ ልጅቷ ግን እዚያው ቤት ነው የምታድረው፣ ብላ ነበር፣ እኛ ደግሞ ተራ በተራ የገባ ባል፣ የገባ አጎት እየሆንን ስንስቅ ዋልን።

የገባው የእንጀራ አባቷ ነው። ሥራ ይውላል ተብዬ ነበር። ኧረ ተጫወቱ፣ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ብሎ ወንበር ስቦ ከጎኗ ይቀመጣል፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ትደብቃለች። ንገሪያት እንጂ፣ አፍ የለሽም እንዴ፣ ይላታል። ሦስቴ፣ ትላለች። ሦስቴ፣ እመዘግባለሁ።

አይሞቀኝም አይበርደኝም። መቶ አርባ ልጅ ጠይቄያለሁ፣ ያንን ጥያቄ ሰዓት ስንት ነው እንደማለት ነው የምለው፣ ያዘነ ፊት አፍ ያዘጋል፣ አስተባባሪው ድንጋይ ይለኛል፣ ማመስገኑ ነው። መልሱ ከስንት አገር ልጆች መልስ ጋር ተደምሮ ሥዕላዊ መግለጫ ይሆናል፣ በትልቅ አዳራሽ መነጽር ያደረጉ ሰዎች ያዩታል፣ ደግ ነው፣ ይዩት። ይቺ ግን ሦስተኛ ቀጠሮዬ ናት፣ በመጀመሪያው ታማለች ተባልኩ፣ በሁለተኛው የለችም፣ ዛሬ ካልሆነ ታብሌቱ ራሱ አልተጠናቀቀም ብሎ ይዘጋታል፣ እኔም ሌላ ሰፈር እሄዳለሁ፣ እሷም እዚህ፣ ከእሱ ጋር።

ሳሙና ከየት ትገዛላችሁ፣ ከሱቅ፣ ጥያቄ ሰባት። እናቴ ወሬ ማዞሩን ሳትሰለጥን ነው ያወቀችበት፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እማዬ፣ አጎቴ እኮ፣ አልኳት፣ አጎቴ ገባ፣ ሽንኩርቱን ከትፈሽ ጨረስሽ ወይ አለችኝ፣ ሲወጣ ግን ወደ ወሬው አልተመለሰችም። ሆድ ይፍጀው። ፈጀውም። ተዪው፣ ስለሱ አይደለም አሁን፣ ጥያቄ ስምንት።

ሰውዬው ጨዋታውን ወዶታል። ስለ ባልዲው እሱ ይመልሳል፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቀልድ አለው፣ እስቃለሁ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አለቀ። አመሰግናለሁ ብሎ መነሳት ነው የቀረኝ፣ ልጅቷ ቦርሳዬን ታያለች፣ እኔን አታይም።

አሥራ ሦስት፣ እላለሁ። አሥራ ሦስት የሚባል የለም። ታብሌቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ ከባዶው አነባለሁ፣ ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ ጠያቂዋ በዓይኗ ማየት አለባት። እኔ አሳይሻለሁ፣ ይነሳል። የምትቀዳዋ ልጅ ታሳይ ነው የሚለው ጋሼ፣ ምን ላድርግ፣ የላኩኝ ሰዎች እንዲህ ናቸው፣ ካልሆነ ነገ አለቃዬን ይዤ እመለሳለሁ። አለቃ ሲሰማ ተመልሶ ይቀመጣል። ሥራ ፈቶች፣ ሂጂ አሳዪያትና ቶሎ ነይ።

ባልዲ ይዛ ትቀድመኛለች። ቧንቧው ከአጥሩ ውጪ ነው፣ ስድሳ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ልቤ ይደልቃል፣ ድንጋይ ተብዬ፣ ሰማያዊዋን መልሼ እነካለሁ፣ ጥያቄው እንደተውኩት አለ፣ ብትፈራስ፣ የለም ብትለኝስ፣ እናቴስ ያኔ ውሃ እንቅዳ ብላ ብታወጣኝ ምን ነበረበት፣ ስድሳ እርምጃ አጥታ ነው?

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለች። ውሃው ባዶው ባልዲ ውስጥ ይንጫጫል። ፊቷን ሳታዞር፣ እትዬ፣ ቅድም ያሉኝን ይድገሙልኝ፣ ትለኛለች።

እደግምላታለሁ። ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ልል እሞክራለሁ፣ ድምፄ እምቢ ይለኛል።